ቴአትር የሚወደውን ልጅ ምን እናድርገው?



የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሕፃናት ነው፤ የተጻፈው ግን ለእኛ ለታላላቆቻቸው ነው። ከመካከላችን አብዛኞቻችን ገና ወላጆች አይደለንም። ሆኖም ታናሽ ወንድምና ታናሽ እኅት አለን፤ የአጎትና የአክስት ልጆች አሉን፤ ጥቂቶቻችንም በየሳምንቱ በሕፃናት ክፍል ቆመን እናስተምራለን። ልጅ ደግሞ ለአባትና ለእናቱ የማይነግረውን ብዙ ጊዜ ለታላቁ ይነግራል። ስለዚህ በአንድ ልጅ ልብ ውስጥ የበቀለ ዝንባሌ እንዲያድግ ወይም እንዲደርቅ ለማድረግ ከምናስበው በላይ ሥልጣን አለን።

እስቲ በየሰፈራችን እናስተውል። ደሴ ላይ ከሰኞ ገበያ እስከ ሸዋ በር፣ ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ስንደርስም እንዲሁ፣ ጋቢ ተከናንቦ እንደ ሽማግሌ የሚያስል፣ የአስተማሪውን አነጋገርና አረማመድ አንድ ሳያስቀር የሚደግም፣ ሠርግ ባየ ማግስት የጎረቤት ልጆችን ሰብስቦ አንዱን ሙሽራ፣ አንዱን ሚዜ፣ አንዷን አማት የሚያደርግ ልጅ አይጠፋም። አንዳንዱ ልጅ ኳስ ይወዳል፤ አንዳንዱ ሥዕል ይወዳል፤ ይህኛው ግን ሌላ ሰው ሆኖ መታየትን ይወዳል። እኛ ታላላቆቹ መጀመሪያ እንስቃለን። ሲደጋግመው ደግሞ «ይህ ልጅ ቀልደኛ ሆነ»፣ «ሊያዘምር ነው እንዴ?» ብለን እንቆጣዋለን። ሳቃችንም ሆነ ቁጣችን ለልጁ የሚጨምርለት ነገር የለም። «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» የሚለውን ተረት ይዘን፣ ያቦካው ምን እንደሆነ ሳናይ እንደፋበታለን።

ይህ ጽሑፍ «ቴአትር የሚወድ ልጅ ሲገጥመን ምን እናድርግ?» የሚለውን ጥያቄ በስድስት ክፍል ይመለከታል።

ሀ. ዝንባሌው ከየት ይመጣል?

ልጅ ዓለምን የሚማረው በመጫወት ነው። አባት ሆኖ ሲጫወት አባትነትን፣ ታማሚ ሆኖ ሲጫወት ሕመምን፣ ዳኛ ሆኖ ሲጫወት ፍርድን ይመረምራል። ጌታችን በወንጌል በገበያ ተቀምጠው የሠርግና የለቅሶ ጨዋታ የሚጫወቱ ልጆችን በምሳሌ ማንሣቱን እናስታውሳለን (ማቴ. 11፥16-17)። ወቀሳው ጥሪ ሰምቶ መልስ በማይሰጠው ትውልድ ላይ እንጂ በልጆቹ ጨዋታ ላይ አልነበረም።

በቅዱሳት መጻሕፍትም ቃልን በድርጊት ማሳየት እንግዳ አይደለም። ነቢዩ ሕዝቅኤል በጡብ ላይ የኢየሩሳሌምን ከተማ ሥሎ ከበባዋን በሕዝብ ፊት በድርጊት አሳይቷል (ሕዝ. 4)። ነቢዩ አጋቦስ የቅዱስ ጳውሎስን መታጠቂያ ወስዶ የራሱን እጅና እግር በማሰር ሊመጣ ያለውን ነግሯል (ሐዋ. 21)። ነቢዩ ናታን ደግሞ ንጉሥ ዳዊትን ፊት ለፊት «በድለሃል» ከማለቱ በፊት አንዲት በግ ብቻ የነበረችውን የድሀ ሰው ታሪክ ነገረው (2ሳሙ. 12)። ንጉሡ በሌላ ሰው ታሪክ ላይ ከፈረደ በኋላ ታሪኩ የራሱ መሆኑን ዐወቀ። የመልካም ቴአትር ጉልበትም በዚሁ ዓይነት መንገድ ይሠራል፤ ተመልካቹ በሌላው ላይ እየፈረደ ሳለ ራሱን ያገኘዋል።

የወሎ ልጅ ደግሞ ለዚህ ዝንባሌ የሚሆን ብዙ ስንቅ በዙሪያው አለው። ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸው የዚሁ የወሎ ምድር የቦታ ስም ነው። ልጁ በአንድ በኩል ማኅሌትና ከበሮ፣ በሌላ በኩል ከሙስሊም ጎረቤቶቹ ቤት መንዙማ እየሰማ ያድጋል። በሠርግ ቤት ግጥም አውራጇን፣ በለቅሶ ቤት አልቃሿን፣ በሽምግልና ላይ ነገር ዐዋቂውን ያያል። እነዚህ ሁሉ በሰው ፊት ቆሞ በቃልና በአካል የመናገር ጥበብ ናቸው። ስለዚህ ልጁ ያየውን ደግሞ ቢሠራው የሚያስደንቅ አይሆንም።

አንድ ነገር ግን ልንሸሽገው አይገባም። በ2014 ዓ.ም ጦርነቱ ወደ ከተሞቻችን በደረሰ ጊዜ ሕፃናት የነበሩት ዛሬ በክፍሎቻችን ተቀምጠዋል። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምቱ መጨረሻ እስከ ኅዳር ማብቂያ በዚያ ዓመት ያዩትን እነርሱም አይተዋል። በጨዋታቸው ውስጥ ሽሽት፣ የተዘጋ በር፣ የተኩስ ድምፅ ቢመጣ «ይህን ተው!» ብሎ መጮህ አይገባም። ጨዋታው ልጁ በአፉ ሊናገረው ያልቻለውን የሚያወጣበት መንገድ ሊሆን ይችላል። አጠገቡ ተቀምጠን «ከዚያ በኋላስ ምን ሆኑ?» ብለን ብንጠይቀው ታሪኩን ወደ ፍጻሜው ያደርሰዋል።

ለ. ቤተ ክርስቲያን ቴአትርን አልተቃወመችምን?

ይህ ከወላጆችም ከወጣቶችም የሚነሣ ተገቢ ጥያቄ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በአንጾኪያም በቁስጥንጥንያም በዘመኑ ቴአትር ላይ አጥብቆ አስተምሯል። እ.ኤ.አ. በ399 ዓ.ም በቁስጥንጥንያ በሰጠው ትምህርት፣ ምእመናኑ በዕለተ ዓርብ ወደ ፈረስ እሽቅድድም፣ በማግስቱም ወደ ቴአትር በመሄዳቸው በብርቱ ገሥጿቸዋል። በዚያ ዘመን የነበረው መድረክ በአብዛኛው ዝሙትን የሚያስቅ ነገር አድርጎ የሚያሳይ፣ የሚሠሩበትንም ሰዎች የሚያዋርድ ነበርና ተግሣጹ ትክክል ነበር። ዛሬም እንዲህ ያለ ሥራ ሲገጥመን፣ በመድረክ ይሁን በስልክ መስታወት፣ ያው ተግሣጽ ይሠራል።

ሆኖም በኋላ ዘመን፣ በ10ኛው መቶ ዓመት፣ በምዕራብ አውሮፓ የጠፋው ቴአትር እንደገና መብቀል የጀመረው በቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። በትንሣኤ ዕለት ሴቶቹ ወደ መቃብር ሄደው ከመልአኩ ጋር የተነጋገሩትን ካህናቱ ተካፍለው በዜማ ይመላለሱት ነበር። ከዚያች አጭር ምልልስ ታላላቅ መንፈሳዊ ድራማዎች ተወለዱ።

እዚህ ላይ አንድ ልዩነት እናስቀምጥ። ሥርዓተ ቅዳሴያችንና በዓላቶቻችን ቴአትር አይደሉም፤ አምልኮ ናቸው። ተዋናይ ሌላውን ሰው ይመስላል፤ አምላኪ ግን ራሱን ያቀርባል። ልጆቻችን ይህን ልዩነት ከጅምሩ ሊያውቁት ይገባል። በሆሳዕና ዘንባባ የያዘ፣ በስቅለት ዕለት ከአያቱ ጋር የሰገደ፣ በጥምቀት ታቦት ያጀበ ልጅ ታላቅ ነገርን በአካል መቀበልን ተምሯል። ይህ ትምህርት በመድረክ ላይም ትሕትናን ይሰጠዋል እንጂ መድረኩን ቅዳሴ፣ ቅዳሴውንም መድረክ አያደርግበትም።

ስለዚህ ጥያቄያችን «ቴአትር ኃጢአት ነው ወይስ አይደለም?» የሚል ሊሆን አይገባም። «ይህ ሥራ የሚሠራውንና የሚያየውን ሰው ወደ ምን ይመራዋል?» ብንል መልስ እናገኛለን።

ሐ. የአገራችን ቴአትርና የትምህርት ቤት ልጆች

የአገራችንን ዘመናዊ ቴአትር ታሪክ የተመለከተ ሰው፣ በመነሻው ላይ የቤተ ክህነት ትምህርትንና ተማሪ ቤትን ያገኛል።

በ1910ዎቹ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፦ የአውሬዎች ኮመዲያ» የተባለውን ሥራ አቀረቡ። በእንስሳት ታሪክ ተሸፍኖ የዘመኑን የአስተዳደር ብልሹነት የሚነካ ስለነበር በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ታገደ። ከርሳቸው በኋላ የመጡት ዮፍታሔ ንጉሤ ከጎጃም ደብረ ኤልያስ የወጡ የቅኔ ሰው ነበሩ። አዲስ አበባ በመምህርነት ሲያገለግሉ ቴአትር እየደረሱ ተማሪዎቻቸውን ያሠሩ ነበር። እንግዲህ በቅኔ ቤት የተማረ ሰው ለመድረክ ባዕድ አለመሆኑን፣ የመጀመሪያዎቹ ተዋንያንም የትምህርት ቤት ልጆች እንደነበሩ ልብ እንበል።

ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ በጣልያን ወረራ ጊዜ ተማርከው በአዚናራ ደሴት የታሰሩ አርበኛ ናቸው። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዳይሬክተር ሳሉ ለሴት ተማሪዎቻቸው ቴአትር እየጻፉ ያሠሩ ነበር። የሴት ልጅ በመድረክ መቆም ነውር ይባል በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም። በዚያ ዘመን የሴትን ክፍል የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ከነዚህም አንዱ ሕዝቡ «አባባ ተስፋዬ» እያለ የሚያውቃቸው ተስፋዬ ሣህሉ ናቸው። ተስፋዬ ሣህሉ በመድረክ ተዋናይነት የኖሩ ሰው ሲሆኑ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ሥራ ሲጀምር የልጆችን ጊዜ ይዘው ከ40 ዓመት በላይ ተረት ነግረዋል። በ2009 ዓ.ም ሲያርፉ የአያትም የልጅ ልጅም ዕድሜ ያለው ሰው አንድ ዓይነት ትዝታ ይዞ አዝኗል። የተዋናይ ሙያ ከንቱ ነው ለሚለን ሰው ይህን ሕይወት ልናሳየው እንችላለን።

ከሁሉም ይልቅ ለርእሳችን የሚቀርበው የጸጋዬ ገብረ መድኅን ታሪክ ነው። ጸጋዬ በ1928 ዓ.ም በአምቦ አጠገብ ቦዳ ተወለደ። በቤቱ ኦሮምኛ፣ በቤተ ክህነት ትምህርት ደግሞ ግእዝ ተማረ። በአምቦ ገና ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የሚናገር ተውኔት ጻፈ፤ ተውኔቱም ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ባሉበት ታየ። ያ ልጅ አድጎ ሐምሌትን፣ ኦቴሎንና ማክቤዝን ወደ አማርኛ መለሰ፤ የዛሬውን ብሔራዊ ቴአትር መራ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ክፍል እንዲመሠረት ደከመ፤ በ1998 ዓ.ም አረፈ። አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፤ በአምቦ ያ ተማሪ የጻፈውን ወረቀት ይዞ ሲመጣ አንድ መምህር «ሂሳብህን ሥራ» ብሎ ቀዶት ቢሆን ኖሮስ? የልጅን ጽሑፍ ተቀብሎ ለመድረክ ያበቃ ሰው ሁሉ በዚያ ሥራ ድርሻ አለው።

ብሔራዊ ቴአትርን ካነሣን፣ ይህ ቤት በ1948 ዓ.ም ሲከፈት የታየው የራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦርዮን» እንደነበር እናስታውስ። የንጉሥን በደል የሚናገረው የመጽሐፍ ቅዱስ ታሪክ ንጉሠ ነገሥቱ የነገሡበት 25ኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ መታየቱ፣ ከላይ ስለ ነቢዩ ናታን የተናገርነውን ያጠናክርልናል።

ወደ አገር ቤታችን ስንመለስ፣ በደርግ ዘመን ደሴ ላይ የወሎ ላሊበላ የኪነት ቡድን ነበር፤ ማሪቱ ለገሰን የመሰለች ድምፃዊት ከዚያ ወጥታለች። የዚያ ዘመን የኪነት ቡድኖች ብዙ ወጣት አሠልጥነዋል፤ በዚያው ልክ ደግሞ የመንግሥትን ቃል እንዲያስተጋቡ ታዘዋል። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን። ጥበብ በክፍለ ሀገርም ይበቅላል፤ መድረክም ለማን እንደሚያገለግል ካልጠየቁት የሌላ ሰው አፍ ይሆናል።

መ. ከሕፃናት ክፍል የተገኘ ምሳሌ

በማገለግልበት የሕፃናት ክፍል ባለፈው ዓመት የዮሴፍንና የወንድሞቹን ታሪክ አዘጋጅተን ነበር። አንድ የ13 ዓመት ልጅ ዮሴፍን ለመሆን በጣም ፈልጎ የሮቤል ክፍል ደረሰው። አኮረፈ። በሁለተኛው ቅዳሜ ግን ወደ እኔ መጥቶ «ጋሼ፣ ሮቤል ደግ ነው ክፉ?» አለኝ። መልሱን አልነገርኩትም፤ ዘፍጥረት ምዕራፍ 37ን እንዲያነብ ብቻ ነገርኩት። በሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ «ሮቤል ሊያድነው ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ወንድሞቹን በግልጥ አልተቃወማቸውም። ጉድጓድ ውስጥ ጣሉት አላቸው እንጂ ተዉት አላላቸውም። ሲመለስ ጉድጓዱ ባዶ ሆኖ አገኘው» አለኝ። በስብከት ብዙ ጊዜ የሰማነውን፣ በጎ ነገር አስቦ በጊዜው አለመናገር ምን ያህል እንደሚጎዳ፣ ልጁ በራሱ አገኘው።

በዚህ መካከል አባቱ ልምምዱን ከለከሉት። አባቱ የጭነት መኪና ሹፌር ናቸው፤ በጅቡቲ መንገድ ስለሚውሉ ቤት የሚያድሩት ጥቂት ቀን ነው። ልጁ የ8ኛ ክፍል ፈተና ይጠብቀዋል። ከአንድ ታላቅ አገልጋይ ጋር ሆነን ቤታቸው ሄድን። አክብረው ተቀበሉን፤ ቡና ተፈላልን። ከዚያም እንዲህ አሉን፤ «ልጆቼ፣ እናንተን አልጠላም። ግን እኔ ሌሊቱን የምነዳው ይህ ልጅ መሪ እንዳይጨብጥ ብዬ ነው። በቴአትር ልጁን ያስተማረ ሰው እስቲ አሳዩኝ። ደግሞስ ሲመሽ ማን ያደርሰዋል?»

አባቱ የተናገሩት የፍቅር ቃል ነበርና አልተከራከርናቸውም። «እርስዎ እንዳሉት ይሁን፤ ሦስት ነገር ግን እንለምንዎ» አልናቸው። ልምምዱ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ብቻ እንዲሆን፣ ከመካከላችን አንዱ እስከ በራቸው እንዲያደርሰው፣ የፈተናው ወር ሲገባም ልምምዱን ፈጽሞ እንዲያቆም ተስማማን። ሦስተኛውን ያቀረበው ልጁ ራሱ ነው።

ቴአትሩ መጀመሪያ ደሴ፣ በኋላም ኮምቦልቻ በጋራ ጉባኤ ታየ። የደሴ ልጆች ጋቢና ሹራብ ደራርበው ወርደው በኮምቦልቻ ሙቀት ላብ በላብ ሆኑ። ሮቤል ባዶውን ጉድጓድ ሲያይ ምንም ቃል ሳይናገር ለጥቂት ጊዜ ቆመ፤ አዳራሹም አብሮት ዝም አለ። አባቱ በዚያ ቀን መንገድ ላይ ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ማታ በራት ጊዜ «እስቲ ያን ነገር ንገረኝ» ብለውት፣ ልጁ የአሥራ አንዱን ወንድሞች ነገር በየድምፃቸው እንደነገራቸው እናቱ አጫወቱን። አባቱ ሐሳባቸውን አልለወጡም፤ ዛሬም ቅዳሜ ብቻ ነው። ይህም በቂ ነው። ልጁ ያጠናል፤ ይለማመዳልም።

ሠ. እንግዲህ ምን እናድርግ?

1. ከማጨብጨባችን በፊት እንጠይቀው። ልጅ ሽማግሌ መስሎ ሲያሳየን «ይህ ሽማግሌ ከየት ነው የሚመጣው? ምን ፈልጎ ነው?» እንበለው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ማስመሰልን ወደ ማሰብ ያሳድገዋል። ባዶ ሳቅ ግን የሚያስቀውን ብቻ እንዲፈልግ ያደርገዋል።

2. እንዲያነብ እናድርገው። የራሱን ተራ ብቻ የሚሸመድድ ልጅ በቀቀን ይሆናል። ሙሉውን ታሪክ ያነበበ ልጅ ግን ባልደረባው ቢሳሳት እንኳ ነገሩን መልሶ ያቃናዋል። ቴአትር የሚወድ ልጅ ንባብን የሚወድበት ጥሩ መንገድ አገኘን ማለት ነው።

3. ትንሹን ክፍል እናስከብረው። ንጉሥ ሚካኤል ደሴ ላይ ያሠሩትን የግብር አዳራሽ ስም እናውቃለን፤ «አይጠየፍ» ይባላል። የእኛም መድረክ እንደዚሁ ይሁን። ውኃ ቀጂው፣ በረኛው፣ መጋረጃ ሳቢው፣ ልብስ የምታዘጋጀው፣ የተረሳ ቃል የሚያስታውሰው ሁሉ ሠራተኛ ነው። ዓይነ አፋር ልጅ ከመጋረጃው ጀርባ ጀምሮ ከዓመት በኋላ ወደ ፊት ሲመጣ እናያለን። ሁልጊዜ ንጉሥ የሚሆነውን ልጅ ደግሞ አንድ ጊዜ በረኛ ማድረግ ለነፍሱም ይጠቅመዋል።

4. ደብተር እንስጠው። ሩሲያዊው የቴአትር መምህር ኮንስታንቲን ስታኒስላቭስኪ የወርቅና የብር ክር ፋብሪካ የነበረው ቤተሰብ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1877 ዓ.ም፣ በ14 ዓመቱ፣ ቤተሰቡ በገጠር ቤታቸው መድረክ አዘጋጁለት፤ እርሱም ከዚያ ዕለት ጀምሮ ስለ ራሱ አሠራር በደብተር ይጽፍ ነበር። ከፋብሪካው ባለቤት ልጅ መድረኩን ልንወስድ አንችልም፤ ደብተሩን ግን የኮምቦልቻ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅም ሊይዘው ይችላል። «ዛሬ ምን ሠራሁ? ምን አልሰማ አለኝ? ማንን አየሁ?» የሚሉ ሦስት ጥያቄዎች ይበቁታል።

5. ድምፁን እናሠልጥን። አዳራሻችን የድምፅ ማጉያ ቢኖረው እንኳ መብራት ሊጠፋ ይችላል። አንድ ልጅ በመጨረሻው አግዳሚ ተቀምጦ ቃል ባልሰማ ቁጥር እጁን ያንሣ። ተናጋሪው ሳይጮኽ፣ ቃሉን ሳይውጥ፣ ትንፋሹን መጥኖ መናገርን ይለምዳል። ይህ ልማድ ነገ በክፍል፣ በሥራ ፈተናና በሽምግልናም ያገለግለዋል።

6. ምስጋናችንም እርማታችንም በዝርዝር ይሁን። «ጎበዝ» የሚለው ቃል ደስ ያሰኛል፤ የሚያስተምረው ግን ጥቂት ነው። «ወንድምህ ሲናገር ዓይንህን ከእርሱ ሳትነቅል መስማትህ ጥሩ ነበር፤ ስትወጣ ግን ፈጠንክ» ብንለው በሚቀጥለው ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። እርማቱን በጓደኞቹ ፊት ለመሳለቂያ አናድርገው።

ረ. ልንጠነቀቅባቸው የሚገቡ ነገሮች

አንደኛ፣ ትምህርቱ። ቴአትር ከትምህርት መሸሻ እንዲሆን አንፍቀድ። የዮፍታሔም የስንዱም የጸጋዬም ሥራ በትምህርት ላይ የቆመ ነው። ለልጁም ለወላጆቹም «ታዋቂ ይሆናል፤ ባለጸጋ ይሆናል» ብለን ተስፋ አንስጥ። በአገራችን በመድረክ ሥራ ብቻ መኖር ከባድ እንደሆነ በእውነት እንናገር። የዘራነው ነገር ልጁ መምህር፣ ሐኪም ወይም ሹፌር ቢሆንም ሰውን መስማትና በሰው ፊት መናገርን ይዞለት ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ደኅንነቱ። የልምምድ ሰዓት መጀመሪያውም መጨረሻውም ለወላጅ በጽሑፍ ይድረስ። ልጅን ብቻውን ከአንድ ሰው ጋር አንተው፤ ሁልጊዜ ሁለት አገልጋዮች ይኑሩ። ሲመሽ በተለይ ሴቶች ልጆች እስከ በራቸው ይድረሱ። የልጆችን ምስል በስልክ ቀርጾ ያለ ወላጅ ፈቃድ ለዓለም መበተንም ከእኛ አይጠበቅም። ለአንድ ቀን ሳቅ የተለቀቀ ምስል ልጁን ለዓመታት ሊከተለው ይችላል።

ሦስተኛ፣ በሰው ላይ መሳለቅ። የማስመሰል ስጦታ ያለው ልጅ ዓይነ ስውሩን፣ አንካሳውን፣ የገጠሩን ሰው አነጋገር ለማሳቂያ ማድረግ ይቀናዋል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ግቢ፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተሰብ ይኖራል፤ የጎረቤትን እምነትና ልማድ በመድረክ ማላገጥ ጎረቤትን ማቁሰል ነው። ልጁን «እርሱ እዚህ ቢቀመጥ ይህን ታሳየው ነበርን?» ብለን እንጠይቀው። መልሱን ራሱ ያገኘዋል።

አራተኛ፣ የክፉ ሰው ክፍል። ይሁዳን ወይም ሄሮድስን የተጫወተን ልጅ በማግስቱ በዚያ ስም የሚጠራ አይጠፋም። ይህን በቶሎ እናስቁም። ክፉውን ሰው በደንብ የሠራ ልጅ ክፋት እንዴት እንደሚጀምር ለሁላችን አሳይቶናልና ምስጋና ይገባዋል።

አምስተኛ፣ የራሱ ሐዘን። አባቱን ያጣን ልጅ የአባት ሞት እንዲጫወት አናስገድድ። ራሱ ከመረጠው እንቀበለው፤ ካልፈለገ ሌላ ክፍል እንስጠው።

ውድ ወንድሞችና እኅቶች፤ በዚህ ሳምንት የሚሆን አንድ ሥራ ይኖረናል። እያንዳንዳችን በቤታችን ወይም በሰፈራችን ያለ አንድ ልጅ መርጠን፣ ለአሥር ደቂቃ ያህል ስልካችንን አስቀምጠን፣ «እስቲ አሳየኝ» እንበለው። ሲያሳየን አንሳቅበት፤ አንቆጣው፤ ሲጨርስም አንድ ጥያቄ እንጠይቀው። የመለሰልንንም በሚቀጥለው እሑድ ለጉባኤው እናካፍል።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ነቢዩ ናታን በደሉን ለንጉሥ ዳዊት በታሪክ የነገረው ለምን ይመስላችኋል? ፊት ለፊት ቢናገረው ምን ሊሆን ይችል ነበር?
2. ቅዱስ ዮሐንስ አፈ ወርቅ የገሠጸው ዓይነት ነገር ዛሬ የት የት ይገኛል? እኛስ በምን እንለየው?
3. ከላይ የተነገረው የሹፌሩ አባት ሥጋት ትክክል ነውን? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሱላቸው ነበር?
4. በሰንበት ትምህርት ቤታችን ዝግጅቶች ዋናው ክፍል ሁልጊዜ ለእነማን ይሰጣል? ተራ ያልደረሳቸው ልጆች እነማን ናቸው?

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።